ውሃ ያልፈታት ፍሬ

የያዙኝ በአንድ ብርጭቆ ውሃ ነው። ከዳንግላ ወደ እንጅባራ በሚኒባስ ስጓዝ አዲስ ቅዳምን አለፍ ብሎ ካለው ኬላ ላይ አስወረዱኝና ቦርሳዬን ዘረገፉት። ከልብሴና ከማስታወሻዬ ጋር አራት ትንንሽ ከረጢቶች ወጡ። ውስጣቸው ከምስር ከፍ የሚሉ፣ ቢጫ፣ የሚያብለጨልጩ ፍሬዎች ነበሩ።

"ምንድን ነው ይኼ?" አለኝ ፈታሹ።

"ማዳበሪያ ነው። ዩሪያ።"

"ዩሪያ ነጭ ነው።"

"ይኼ የተለበጠ ዩሪያ ነው። ቀስ እያለ የሚሟሟ።"

ሰውየው ቂል አልነበረም፤ አነጋገሩም የገበሬ ልጅ መሆኑን ይናገራል። ከመንገድ ዳር ካለችው ሻይ ቤት በብርጭቆ ውሃ አስመጣና ከፍሬዎቹ ጥቂት ጣል አደረገበት። ዩሪያ ውሃ ሲነካው ብዙ ሳይቆይ እንደሚጠፋ እዚህ አገር የማያውቅ የለም። ቆመን ጠበቅን። ተሳፋሪዎቹ በመስኮት አንገታቸውን አስግገው ብርጭቆውን ያያሉ። ፍሬዎቹ ከሥር ተኝተው ያብለጨልጫሉ።

"ማዳበሪያ ከሆነ ለምን አይሟሟም?"

"ቆይቶ ነው የሚሟሟው።"

"ምን ያህል ቆይቶ?"

"አርባ ቀን።"

ከሚኒባሱ ውስጥ አንድ ሰው ሳቀ። በሌላ ጊዜ ቢሆን እኔም እስቅ ነበር። "ውሃ ቶሎ አይፈታውም" እያልኩ በየገበሬው ማሳ ላይ ሳሞግሰው የከረምኩት ጠባዩ ነው ያሳሰረኝ። ጊዜው የጥርጣሬ ነበር። ከማዳበሪያ ፈንጂ ይሠራል የሚል ወሬ በየቦታው አለ። መታወቂያዬን አወጣሁ፤ የግብርና ባለሙያ ነኝ፣ ወደ መሥሪያ ቤቴ ደውሉ አልኳቸው። ኔትወርኩ ከተቋረጠ ሰንብቷል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ፤ ጠረጠሩኝ።

የወሰዱኝ እስር ቤት ወደሚባል ቦታ አልነበረም። ከእንጅባራ ወጣ ብሎ ወደሚገኝ መጋዘን ነው። በሩ ሲከፈት ከዓይኔ በፊት አፍንጫዬ አወቀው፤ ዓይን የሚቆጠቁጥ፣ ያልተጠረገ የፈረስ ጋጣ የሚመስል ሽታ ነበረው። የማዳበሪያ መጋዘን ነበር። ዕድሜዬን ስገባና ስወጣበት የኖርኩበት ዓይነት ቤት ነው፤ በውጭ ሲቆለፍብኝ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ሠላሳ የምንሆን ሰዎች ከሲሚንቶው ወለል ላይ ነበርን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ ሰው ከጎኑ ካለው ጋር ለመነጋገር መጮህ ነበረበት። ብርዱ አጥንት ውስጥ ይገባል።

ከግድግዳው ሥር ጠጋ ብለው ቦታ የሰጡኝ አንድ አዛውንት ነበሩ። ከዳንግላ ወጣ ካለ ቀበሌ የመጡ ገበሬ ናቸው፤ ከአንዱ እስረኛ ጋር በአገውኛ፣ ከእኔ ጋር በአማርኛ ያወራሉ። ሁለት ኩንታል ዩሪያ ያለ ደረሰኝ በጋሪ ጭነው ሲሄዱ መያዛቸውን ነገሩኝ።

"አንተስ ልጄ?"

"እኔም በማዳበሪያ ነው፣ አባቴ።"

"ስንት ኩንታል?"

"ሁለት ኪሎ አይሞላም።"

"ሁለት ኪሎ!" አሉና ከልባቸው አዘኑልኝ።

በማግስቱ መርማሪው አስጠራኝ። ቢሮው የድሮው የንብረት ክፍል ነው፤ የእህል ሚዛኑ እስካሁን ጥግ ላይ ቆሟል። መርማሪው አልጮኸብኝም፤ የሥራ ብዛት ያደከመው ሰው ይመስላል። አንድ ወረቀት ወደ እኔ ገፋ አደረገ። "ምንነቱ ያልታወቀ ኬሚካል ይዞ የተገኘ" ይላል። ከሥሩ "ያከፋፈለላቸው ሰዎች ስም" የሚል አለ፤ ከዚያ ሦስት ባዶ መስመር።

ሦስት መሆናቸውን ያወቀው ከማስታወሻዬ ነው። ማሳ አንድ፣ ማሳ ሁለት፣ ማሳ ሦስት ብዬ ጽፌያለሁ። እኛ ሙከራ ስንሠራ የገበሬውን ስም አንጽፍም፤ ውጤቱን ስናነብ ለሰው እንዳናደላ ነው። ያ ልማድ ይጠቅማል ብዬ ለዚህ አስቤው አላውቅም።

"ፈርመህ ስሞቹን ሙላና ነገሩ ያልቃል" አለኝ። "ሁለት ሳምንት አለህ። ከዚያ በኋላ መዝገቡ ወደ ላይ ይሄዳል። አንተም አብረኸው ትሄዳለህ።"

ስሞቹን ብጽፍ የሚሆነውን ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም። ሦስት ሰዎች በቆሏቸውን እየኮተኮቱ ሳለ ከማሳቸው ይነሳሉ። የለመንኳቸው እኔ ነኝ። "እስቲ ከመሬታችሁ ጥግ ስጡኝ፣ የማትከስሩበት ነገር ነው" ብያቸው ነበር።

ወደ መጋዘኑ ተመልሼ እጄን ከጃኬቴ ኪስ ስከት ጣቴ አንድ ጠጣር ነገር ነካ። የኪሴ ስፌት ተተርትሮ አምስት ፍሬ ከገበሩ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል፤ ፈታሾቹ አላገኙትም። አውጥቼ በመዳፌ ያዝኩት። አዛውንቱ አንገታቸውን ሰገግ አደረጉ፤ ረጅም ጊዜ አዩት።

"ያሳሰረችህ ይቺ ናት?"

"እሷ ናት።"

ሳይጠይቁኝ አንዷን አንስተው በጥርሳቸው ሰበሯት። ከዚያ ስባሪዋን ወደ በሩ ብርሃን አዞሩ።

"ውስጧ ነጭ ነው። ዩሪያ ናት።" ቀጥለው ልጣጯን በጥፍራቸው ገፈፉት። "ይኸስ ምንድን ነው የለበሰችው?"

እኔ ማብራራት እወዳለሁ፤ ሚስቴ የምትማረርበት አመሌ ነው። ተራው ዩሪያ በአንድ ዝናብ እንደሚሟሟ፣ የእኛ አገር ዝናብ ደግሞ በቆሎው ሳይጠግብ ብዙውን ወደ ወንዝና ወደ ጥልቁ እንደሚወስደው፣ የቀረውም እንደ ሽታ ወደ አየር እንደሚሄድ ነገርኳቸው። ይህችኛዋ ግን በስስ ሽፋን ስለታሸገች ውሃ በዝግታ ይገባባታል፣ ዩሪያውም በዝግታ ይወጣል አልኳቸው።

"እኛ በረቱን በየጥቂት ቀኑ እያነሳን በማሳው ላይ እናዞራለን" አሉ። "ከብቱ ያደረበት መሬት ዘንድሮም ይሰጣል፣ ከርሞም ይሰጣል። የናንተ ነጩ የሠርግ ድግስ ነው፤ በአንድ ቀን ተበልቶ ያልቃል።"

"ቢጫው ስንቅ ነው በሉት። እየቆነጠሩ የሚበሉት።"

"እኮ፣ ማን ነው የሚቆነጥረው? ማን ነው ለዛሬ ይብቃ የሚላት?"

ይህን ጥያቄ በስንት ሥልጠና ላይ የጠየቀኝ አልነበረም።

እጅ ለእጅ ተያይዘን ጥያቄውን ወደ ሥራ ለወጥነው። አንድ የባጃጅ ሾፌር ነበር፤ በምን እንደተያዘ ራሱም በቅጡ አያውቅም። እሱ ኬሻ ይደረደርበት ከነበረው የእንጨት ርብራብ ሥር በማንኪያ ጭሮ አንድ ጭብጥ የሚሆን የቆየ ነጭ ዩሪያ አወጣልን። የሁለት የውሃ ፕላስቲኮችን አንገት ቆርጠን ውሃ ሞላንባቸው። በአንዱ ነጩን፣ በሌላው ሦስት ቢጫ ፍሬ ጨመርን። አንዷን በደረቁ አስቀረኋት፤ ማወዳደሪያ ያስፈልጋል።

ነጩ እያየነው ጠፋ። አዛውንቱ ፕላስቲኩን አቅፈው ይዘው ነበር፤ ድንገት እጃቸውን ሰበሰቡ።

"ቀዘቀዘ! ኧረ በረዶ ሆነ፣ እስቲ ንካው!"

እየተቀባበልን ነካነው። ለመሟሟት ከውሃው ሙቀት እንደሚወስድ ነገርኳቸው።

"ለመሟሟት ሙቀት ይለምናል በለኛ" አሉና አሰብ አደረጉ። "ቢጫዋም ትለምናለች?"

"ሽፋኗ በሙቀት ይሳሳል እንበል። መሬቱ ሲሞቅ ቶሎ ትሰጣለች፣ ሲበርድ ትዘገያለች።"

"በቆሎም እኮ የሚበላው መሬቱ ሲሞቅ ነው። ሲርበው ታጎርሰዋለች ማለት ነው።"

ይህን ነገር በሥዕልና በሰንጠረዥ ሳስተምር ዓመታት ቆጥሬያለሁ። እንዲህ አሳጥሮ የነገረኝ አልነበረም፤ ቀናሁባቸው።

ችግሩ ብርዱ ነው። በዚያ መጋዘን ብርድ አርባ ቀን የተባለችው ፍሬ ሦስት ወር ብትወስድ አይገርምም። እኔ ያለኝ ሁለት ሳምንት ነው። ይህንን ስነግራቸው አዛውንቱ ቢጫዎቹን ወደ ትንሽ ክዳን ያለው ጠርሙስ አዛወሩና ከጋቢያቸው ውስጥ አስገብተው ብብታቸው ሥር ወሸቁት።

"ዶሮ እንቁላል ታቅፍ የለም እንዴ" አሉ።

ከዚያ በኋላ ሲበሉም፣ ሲጸልዩም፣ ሲተኙም ጠርሙሱ ከብብታቸው አልወጣም። በየጠዋቱ ከበሩ ሥር በሚገባው ብርሃን አውጥተን እናየዋለን። የባጃጅ ሾፌሩ "አባታችን፣ ጫጩቷ መቼ ነው የምትፈለፈለው?" እያለ ይቀልዳል። "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ይሉታል ሳይቆጡ።

አዛውንቱ የማይጠይቁት ነገር አልነበረም። ሽፋኑ ከምን ይሠራል? ጉንዳን ይበላዋል? አህያ ብትልሰው ትሞታለች? ለዳጉሳ ይሆናል? የሰጠኋቸው ገበሬዎች እነማን እንደሆኑ ግን አንድም ቀን አልጠየቁኝም። ያኔ ጨዋነት መሰለኝ።

በዘጠነኛው ቀን መዝገባቸው ወደ ላይ ሄደ የተባሉ ሁለት ሰዎችን ጠርተው በመኪና ወሰዷቸው። የት እንደሆነ የነገረን የለም። የአንደኛው ጫማ በሩ ሥር ቀረ፤ ማንም አላነሳውም። ያን ቀን ፍርሃት ያዘኝ። እስከዚያ ድረስ የፈራሁ ይመስለኝ ነበር፤ አልነበረም ለካ። ሁለት ልጆች አሉኝ። ሦስቱንም ስም አልጽፍም፣ አንዱን ብቻ ብጽፍ ይበቃቸዋል ብዬ አሰብኩ። የማሳ ሦስቱን ሰው መረጥኩ። ወጣት ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ይችለዋል አልኩ። እንዲህ እያልኩ ራሴን ሳሳምን ያሳለፍኩትን ግማሽ ቀን ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ።

ወደ በሩ ሄጄ ጠባቂውን ብዕር ጠየቅሁት። "አመጣልሃለሁ፣ ቆይ" አለኝ።

ተመልሼ ከመቀመጤ አዛውንቱ ጮኹ።

"ኧረ ና! ና እይ! አብጣለች!"

ጠርሙሱን ከፍ አድርገው ይዘዋል። ሄጄ አየሁ። ለእኔ ያው ናት።

"አላበጠችም፣ አባቴ።"

"ዓይንህ ነው። ከደረቋ ጋር አስተያያት።"

ደረቋን አውጥቼ ከጠርሙሱ ጎን ያዝኳት። እኩል ናቸው። አዛውንቱ እንቢ አሉ። ከጋቢያቸው ጫፍ አንድ ክር መዘዙና ደረቋን ዙሪያዋን ለኩ፤ እርጥቧን አውጥተው ለኩ። "ይኸው፣ ክሩ አነሰ!" እኔ ስለካው አይጎድልም። ክሩን ስበውት ነው አልኩ፤ ያላላኸው አንተ ነህ አሉኝ። የባጃጅ ሾፌሩ ዳኛ ሆኖ ገባ፤ እሱም አበጠች አለ። አንድ መምህር አላበጠችም ብሎ ከእኔ ጋር ቆመ። መጋዘኑ ለሁለት ተከፈለ። ጧት ስለተወሰዱት ሰዎች ሲንሾካሾክ የነበረው ሁሉ መጥቶ ክር ይለካል። ከመናደዴ የተነሳ ስለ መለኪያ ስሕተት ንግግር ጀመርኩ፤ ሦስት ጊዜ ለክቶ አማካይ መውሰድ ይገባል አልኩ። ሦስት ጊዜ ለኩ። አሁንም አልተስማማንም።

ጠባቂው ብዕሩን ይዞ ሲመጣ ወደ ማታ ሆኖ ነበር።

"ይቅር፣ አልፈልገውም" አልኩት።

ምን ለወጠህ ብባል ቁርጥ ያለ መልስ የለኝም። ሰው ፍሬ አበጠች አላበጠች ብሎ ከልቡ ሲከራከር ውሎ፣ ዘወር ብሎ የሌላ ሰው ስም መጻፍ ይከብደዋል መሰለኝ። ብዕሩ በጊዜ መጥቶ ቢሆን እጽፍ ነበር።

ፍሬዎቹ በእርግጥ የተለወጡት ከዚያ በኋላ ነው። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ደብዘዝ አሉ። በአሥራ ሦስተኛው አንዷን በጣቴ ስነካት ለሰለሰችልኝ፤ ውስጧ ያለው ውሃ ሆኗል። የደስታ ጩኸት ስጮህ ጠባቂው በሩን ደበደበ።

በአሥራ አራተኛው ቀን ጧት የአዛውንቱ ስም ተጠራ። ዕቃዎን ይዘው ይውጡ ተባሉ። ዘመዳቸው ጋሪ ይዞ ደጅ ቆሟል። ጋቢያቸውን አጣፉ፣ ሁሉንም ተሰናበቱ፣ ጠርሙሱንና ደረቋን ፍሬ ይዘው ወጡ። ጥቂት ቆይቶ እኔም ተጠራሁ። መርማሪው ቢሮ ስገባ አዛውንቱ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

"አባቴ፣ እርስዎ ተፈተዋል፤ ይሂዱ እንጂ" ይላቸዋል መርማሪው።

"እሄዳለሁ። አንዲት ነገር ላሳይህና።"

ደረቋን ፍሬ በጥርሳቸው ሰብረው ጠረጴዛው ላይ አኖሯት። "ነጭ ናት አይደል?" ከዚያ ከጠርሙሱ አንዷን አወጡ። "እጅህን ዘርጋ።" መርማሪው ለምን እንደሆነ ሳያውቅ ዘረጋ። ፍሬዋን ከመዳፉ በላይ ይዘው በጥፍራቸው ሲጫኗት አንዲት ጠብታ ወረደች። ጣታቸው ላይ ባዶ ቢጫ ልጣጭ ቀረ።

"ድንጋይ መስላህ ነበር፤ ውሃ ፈታት። ነጯን ስባሪ በምላስህ ጫፍ ንካት፣ አትገልህም።"

መርማሪው መዳፉን ብዙ አየው። ከዚያ ስባሪዋን ከጠረጴዛው አንስቶ ቀመሰ።

"ይቀዘቅዛል" አለ ለራሱ። ወደ እኔ ዞረ። "ለምንድን ነው የሚቀዘቅዘው?"

ነገርኩት። ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ሽፋኑ፣ ስለ ዝናቡ ነገርኩት። እሱም አባቱ ዩሪያ ከዝናብ በፊት እየበተኑ እንዴት እንደሚከስሩ አወራ። ለጥቂት ደቂቃ ሦስት ሰዎች ስለ በቆሎ እናወራ ነበር። ከዚያ ወረቀቱ ዓይኑ ውስጥ ገባ።

"ጥሩ። ስሞቹስ?"

"ማዳበሪያ ብለው ይጻፉት፣ እፈርማለሁ" አልኩ። "ማዳበሪያ ለተቀበለ ሰው ስም አያስፈልግም። መስመሩን ባዶውን ይተውት።"

መርማሪው ብዕሩን አነሳ። "ምንነቱ ያልታወቀ ኬሚካል" የሚለውን ሰርዞ "ማዳበሪያ ነው የተባለ" ብሎ ጻፈ። ፈረምኩ። አዛውንቱ አውራ ጣታቸውን ዘረጉ።

"ለእኔም ቀለሙን ስጠኝ። ምስክር የሌለው ምን ወረቀት ነው?"

"ምስክር ከሆኑ መዝገቡ እስኪዘጋ ድረስ እዚሁ ነው የሚቆዩት፣ አባቴ።"

"የጋሪውን ሰው ሂድ በሉልኝ" አሉና ጣታቸውን ቀለሙ ላይ ጫኑ።

ጋሪው ባዶውን ተመለሰ። እኛም ወደ መጋዘኑ ተመለስን። ከስምንት ቀን በኋላ ሁለታችንንም ውጡ አሉን፤ ለምን እንደያዙንም ለምን እንደለቀቁንም የተናገረ የለም።

በቆሎው በደረሰ ጊዜ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ከዳንግላ በጋሪ ወጣሁ። ወደ ቀበሌያቸው ስንቃረብ መንገዱ የማውቀው ሆነብኝ። አዛውንቱ የቆሙበት አጥር ጋ ስደርስ ከጀርባቸው ያለው ማሳ ሦስት ነበር። ወጣቱ ገበሬ ማጭዱን እንደያዘ መጥቶ ጨበጠኝ።

"የልጄ ባል ነው" አሉኝ። "ትተዋወቃላችሁ፣ አይደል?"

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ወጣቱ ወደ ሥራው ሲመለስ እኛ ከማሳው ዳር ተቀመጥን። አዛውንቱ አፈሩን በጣታቸው ጫር ጫር አድርገው ባዶ ቢጫ ልጣጮች አወጡና መዳፌ ላይ አኖሯቸው።

"ፍሬዋስ ሥራዋን ሠራች። ልጣጯ የት ነው የሚገባ? መሬቱ ይበላዋል?"

"አንዳንዱ ዓይነት ይበሰብሳል። ይኼኛው ግን ብዙ ዓመት ይቀመጣል፤ ስንት እንደሆነ አላውቅም።"

"እወቅልን እንግዲህ።"

መጠየቅ ነበረብኝ።

"አባቴ፣ የማን ማሳ እንደሆነ ከመጀመሪያው ያውቁ ነበር?"

"ይቺን ፍሬ ከርሱ ጋር ሁኜ በእጄ ነው የቀበርኋት። ከኪስህ ስታወጣት አወቅኋት። ምን እንደምትሠራ ግን አላውቅም ነበር፣ እሱን ከልቤ ነው የጠየቅሁህ።" ልጣጩን ከመዳፌ መልሰው ወሰዱ። "ብዕር ስትጠይቅም ሰምቻለሁ።"

ዓይኔን ወደ ማሳው መለስኩ።

"ያን ቀን ፍሬዋ ቅንጣት አላበጠችም ነበር" አሉ። "አንተ ነህ ልክ።"

የትኛውን ስም ልጽፍ እንደነበር አልጠየቁኝም። እኔም አልነገርኳቸውም፤ እስከ ዛሬም አልነገርኩም። ልጣጯ መሬት ውስጥ ተከማችታ እንዳትቀር ብዬ ከዚያ ወዲህ የሚበሰብሰውን ዓይነት ብቻ እየሞከርኩ ነው። ሥልጠና ስሰጥ ሁልጊዜ በብርጭቆ ውሃ እጀምራለሁ። ፍሬዋን ጣል አድርጌ ሳልጨርስ "አበጠች!" የሚል ሽማግሌ አይጠፋም። በመጀመሪያው ቀን እንደማታብጥ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ግን ጎንበስ እላለሁ፣ ከደረቋ ጋር አስተያያታለሁ፣ "እስቲ ክር አምጡ" እላለሁ።